ያልተላከው ቀበሪቾ

አንድ ሰውዬ ነበር። ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጧል። ዶማው ጭኑ ላይ ነው፤ ከረጢቱ ባዶ ነው። ጉልበቱ ተልጧል፣ እጁን እሾህ ቦጫጭሮታል፣ ፀሐይዋም ዘምበል ማለት ጀምራለች። ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጎ የሚፈልገውን አላገኘም።

ምን ነበር የሚፈልገው? ወርቅ አይደለም። የጠፋች ፍየልም አይደለችም። ቀበሪቾ ነው።

ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ። እናንተ ቀበሪቾን የምታውቁት ገበያ ሄዳችሁ፣ ቅመም ከምትሸጠዋ ሴትዮ ፊት ተቆራርጦ ደርቆ፣ በጭብጥ ተሰፍሮላችሁ ነው። ቤት ውስጥ ጉንፋን የገባ ቀን፣ ወይም የጎረቤት ዓይን ከብዷችሁ እንደሆነ፣ ፍም ላይ ጣል ታደርጉትና ታስነጥሳላችሁ። አለቀ። ከየት እንደ መጣ ማን ጠይቆ ያውቃል?

የሚመጣው ከድንጋይ ነው። አፈር አለ ለማለት በማያስደፍር ገደል ላይ፣ ድንጋይና ድንጋይ በተነካከሱበት ስንጥቅ ውስጥ ነው የሚበቅለው። ቅጠሉ እንደ ኮሸሽላ እሾሃም ነው፣ አበባው ድቡልቡል ነው፣ ፍየል እንኳ ሁለት ጊዜ አስባ ታልፈዋለች። በጋ ሲገባ ከላይ ያለው ሁሉ ይደርቅና የሞተ ይመስላል። አልሞተም። ሥሩ እዚያው ድንጋዩ መሐል ወፍሮ ተኝቷል። ክረምት ሲመጣ እንደገና ብቅ ይላል። መዓዛው ያለውም እዚያ፣ ማንም በማያየው ሥር ውስጥ ነው።

ሰውዬው በኖረበት አገር፣ ድንጋይ በር በሚሉት ደጋ፣ ለቀበሪቾ ሁለት ሕግ ነበረው። ማንም አልጻፈውም፤ ግን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል።

አንደኛው ሕግ፣ ነቅለህ አትጨርስ ነው። ሥሩን ቆፍረህ ታወጣለህ፣ ከአናቱ ዝቅ ብለህ ትቆርጣለህ፣ አናቱን ግን ጣት ከምታህል ሥር ጋር ወደ ጉድጓዱ ትመልሳለህ። አፈር ትሞላበታለህ፣ ድንጋይ ትጭንበታለህ፣ «ይሄ የከርሞ ነው» ትላለህ። የዛሬውን ትወስዳለህ፤ የከርሞውን ትተዋለህ።

ሁለተኛው ሕግ የአራስ ቤት ሕግ ነው። እያንዳንዱ ቤት እንደ እርሻው ሁሉ የራሱ ገደል ነበረው። ልጅ አግብታ ሄዳ ስትወልድ፣ አራስ ቤቷ ደጃፍ ላይ የሚታጠነው ቀበሪቾ ከአባቷ ገደል፣ በአባቷ እጅ ተቆፍሮ ይላካል። የአማቷ ወገን ሴቶች ጭሱ ሲሸታቸው፣ «ይሄ የማን ገደል ነው?» ይላሉ። «የአባቷ» ከተባለ፣ ልጅቷ ወገን አላት ማለት ነው። ካልመጣስ? ካልመጣ ማንም ምንም አይልም። ዝም ይባላል። ያ ዝምታ ከስድብ እንደሚከፋ የአማት ቤት የኖራችሁ ሴቶች ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ያ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠው ሰው አያ ጓንጉል ይባል ነበር።

አያ ጓንጉል ሚስቱ የሞተችበት አንዲት ልጁ ስድስት ዓመቷ ሳለ ነው። ልጅቷ አንጓች ትባላለች። አግባ ሲሉት አላገባም። «እንጀራ እናት አላመጣባትም» ብሎ ብቻውን አሳደጋት። ጠጉሯን ሳይቀር ራሱ ነበር የሚሠራላት። በዚያ በሻከረ የአራሽ እጅ ሹሩባ ሲሠራ አስቡት። የሰፈር ሴቶች ልጅቷ ስታልፍ ያዩና፣ «አያ ጓንጉል ዘንድሮ ትልሙ ተጣሞበታል» ይሉ ነበር። እሱም ይሰማል፣ ይስቃል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ከበፊቱ አጣሞ ይሠራላታል።

በኅዳር፣ ዝናቡ አብቅቶ አገሩ ሁሉ በሚታጠንበት ሰሞን፣ ወደ ገደሉ ይዟት ይወጣ ነበር። ገመድ ወገቧ ላይ ያስርና ሌላውን ጫፍ በራሱ ወገብ ላይ ይቋጥራል። እሱ ይቆፍራል፤ እሷ ከረጢቱን ትይዛለች። አናቱን ወደ ጉድጓዱ ሲመልስ ድንጋይ መጫን የእሷ ሥራ ነበር። ሌላ ሰው እንዲጭን አትፈቅድም። ድንጋዩን በሁለት እጇ ተሸክማ ታመጣና ታስቀምጣለች፣ መታ መታ ታደርገዋለች፣ «ከርሞ እንገናኝ፣ እሺ?» ትለዋለች። ቀበሪቾውን ነው። አያ ጓንጉል ዘወር ብሎ ይስቃል። ከታች ሸለቆው ውስጥ የሰው ድምፅ፣ የውሻ ጩኸት፣ የወፍጮ ውኃ ይሰማል። ከላይ ነፋስ አለ። አዲስ የተቆረጠ ሥር ሽታ እጃቸው ላይ ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ ቢታጠቡትም አይለቅም።

ያ ዘመን እንዴት ያለ ዘመን ነበር። ሁላችሁም እንዲህ ያለ ገደል አላችሁ። አላችሁ አይደል? ከአንድ ሰው ጋር በአንድ ገመድ የታሰራችሁበት፣ ቢወድቅ አብራችሁ የምትወድቁበት፣ ግን መውደቅ የሚባል ነገር ትዝ የማይላችሁ አንድ ወቅት።

ልጅቷ አደገች። አያ ጓንጉል ለአንድ ወዳጁ ልጅ ሊሰጣት ቃል ሰጠ። ጠላው ተጠመቀ፣ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከወንዝ ማዶ አንድ ግንበኛ መጥቶ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ይሠራ ነበር። መንበሩ ይባላል። ዝምተኛ ነው፣ መሬት የለውም፣ ድንጋይ ሲጠርብ ግን እጁ ያምራል። ከዚህ በላይ ልንገራችሁ? ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው አንጓች ከግንበኛው ጋር ወንዙን ተሻገረች። ድንጋይ በር ያለ ሰው ሁሉ፣ «ግንበኛው የእግዜርን አጥር ሠራና የአያ ጓንጉልን አጥር አፈረሰ» አለ። በሰው ፊት የአያ ጓንጉል ቃል ወደቀ። «ልጅ የለኝም» አለ። በቃ።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ከወንዝ ማዶ አንድ መልእክተኛ መጣ። «አንጓች ወሯ ገብቷል፤ አማቷ እመት ብርቄ ሰላም ብለውዎታል፤ እንደ ወጉ ቀበሪቾ ይላክልን ብለዋል» አለ።

ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ዝም ብሎ አልላክም ቢል እንኳ አንድ ነገር ነበር። እሱ ግን ዶማውን ይዞ ገደሉ ላይ ወጣና አንድም ሳያስቀር ነቀለው። አናቱንም። የከርሞውንም። «ማንም በስሜ አንዲት ሥር ወንዝ አያሻግርም» አለ። ሁለት ከረጢት ሙሉ አውርዶ ግቢው ውስጥ ከመረውና እሳት ለቀቀበት።

ወገኖቼ፣ ቀበሪቾ እኮ በገል ላይ ቁንጥር ነው የሚታጠነው። ሁለት ከረጢት ሲነድ አስቡት። አገሩ ጠቆረ። ከብቱ ሳለ፣ ዶሮው አስነጠሰ። ጎረቤቱ አያ ሽበሺ በነጠላው አፍንጫውን ይዞ መጣ።

«ጓንጉል፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ቤት እያጠንሁ።»

«ቤት ነው አገር?»

አያ ሽበሺ እያሳለ ወደ ቤቱ ተመለሰና ለሚስቱ፣ «ዛሬ ድንጋይ በር ያለ ጋኔን ሁሉ ወጥቶ ሄደ፤ አንዱ ብቻ ቀረ፤ እሱም ጓንጉል ትከሻ ላይ ነው» አላት።

ጭሱ በማግሥቱ ጠራ። ትከሻው ላይ ያለው ግን ሰባት ዓመት ቆየ።

ሰባት ዓመት። ገደሉ ባዶውን ቀረ። ሌላው ሰው በኅዳር ሲወጣ እሱ ቤቱ ይውላል። ገመዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ የልጅ ወገብ የሚያህለው ቀለበት እንደ ተቋጠረ ነው። በሬ ሊያስርበት ያወርደዋል፣ ቋጠሮውን ያየዋል፣ መልሶ ይሰቅለዋል፣ ሄዶ ሌላ ገመድ ይዋሳል። ኩሩ ሰው እንዲህ ነው። ልጅ የለኝም ይላል፤ ቋጠሮዋን ግን አይፈታም።

አንድ ሐሙስ አያ ሽበሺ ከገበያ ሲመለስ አያ ጓንጉልን ማሳው ዳር አገኘው፤ በሬውን ውኃ እያጠጣ ነበር።

«አንጓች በወሯ ላይ ናት» አለው። «ሦስተኛዋ።»

«የጠየቀህ አለ?»

«አንተ አልጠየቅኸኝም። እኔም ላንተ አይደለም፤ ለበሬህ ነው የምነግረው።» አያ ሽበሺ ወደ በሬው ዞረ። «ስማ አንተ ጎሽሜ። ሁለተኛውን ስትወልድ ደም አልቆም ብሏት በቃሬዛ ነበር የወሰዷት። ሦስት ቀን ሰው አልለየችም። በሞት አፋፍ ደርሳ ነው የተመለሰችው። አሁንም ሰዎቿ ፈርተዋል።»

አያ ጓንጉል እጁ የበሬው ገመድ ላይ ቀረ። «መቼ ነው ይሄ የሆነው?» አለ።

«ማነው የጠየቀኝ? በሬው ነው?»

«ሽበሺ።»

«የዛሬ ሦስት ዓመት» አለ አያ ሽበሺ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት። ሂድ ጓንጉል። ወንዙ እኮ ጎድሏል።»

አሁን እዚህ ላይ ልብ በሉ። ልጁን ሞት ጎብኝቷት ሄዷል፤ እሱ አልሰማም። እንደገና ሊመጣ ይችላል። ሰውዬው ያንኑ ዕለት ተነሥቶ መሄድ ነበረበት። ልቡም ሄዷል። እግሩ ነው የቀረው። ለምን ቀረ?

«ባዶ እጄን በምን ዓይኔ እገባለሁ?» አለ።

«ከገበያ ገዝተህ ሂድ» አለው አያ ሽበሺ።

«የገበያ? ያቺን አፍንጫ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ገና ከደጅ ታውቀዋለች።»

«እንግዲያው ባዶ እጅህን ሂድ።»

«ባዶ እጅ ተይዞ አራስ ቤት ይገባል?»

«አንተ ድሮም ከሥሩ ነው ነገር የምትይዘው» አለና አያ ሽበሺ ትቶት ሄደ።

አያ ጓንጉልም ገደሉ ላይ ወጣ። አንድ ቀን ፈለገ። ሁለት ቀን ፈለገ። በገዛ እጁ ነቅሎ የጨረሰውን ገደል በገዛ ጉልበቱ እየዳኸ ስንጥቅ በስንጥቅ ፈተሸው። እሷ ታምጣለች፤ እሱ ሥር ይፈልጋል። ባስቸኳይ ሊደርስበት የሚገባውን ቤት ትቶ፣ የሚይዘው ስጦታ ይፈልጋል።

በሦስተኛው ቀን ነው እንግዲህ አፋፉ ላይ ተቀምጦ ያገኘነው።

ሊነሣ መሬቱን ሲደገፍ፣ ከመዳፉ አጠገብ፣ ሁለት ድንጋዮች መሐል አንዲት ቅጠል አየ። እሾሃም ናት። ጎንበስ ብሎ አሸተታት። ነፋስ ከሌላ ሰው ገደል ፍሬዋን አምጥቶ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ቀበሪቾ ናት።

አፈሩን በጣቱ ጫረ። ሥሯ እንዝርት አታህልም፤ ገና የሁለት ዓመት ልጅ ናት። ብትቆረጥ ለአንድ ገል የምትበቃ ጭስ አላት፤ ለከርሞ የሚመለስ አናት ግን የላትም። ቢነቅላት የሚይዘው አገኘ። አንጓች ታሸትና «የአባቴ ገደል ነው» ትላለች። ቢነቅላት ደግሞ በዚያ ገደል ላይ ከእንግዲህ ምንም የለም።

ዶማውን አነሣ። ብዙ ቆየ።

ከዚያ ዶማውን አስቀመጠ። የጫረውን አፈር በጣቱ መለሰ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ፣ እንዳይጫናት ጎኗ ላይ፣ ፍየል እንዳይረግጣት አድርጎ አቆመላት። ሊናገረው የሚገባ ቃል ነበር፤ እሱን የምትለው ግን አንጓች ነበረች። ዶማውንም ከረጢቱንም እዚያው ትቶ ወረደ። በማግሥቱ ማለዳ ወንዙን ተሻገረ። በባዶ እጁ።

እኩለ ቀን ሲሆን የግንበኛው ቤት ከሩቅ ታየው። ግቢው ሰው ሞልቶበታል። ነጠላ የለበሱ ሴቶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እግሩ ቆመ። ይሄ የደስታ ቤት ነው ወይስ የለቅሶ ቤት? ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱ አንድ ናቸው። እልልታም የለ፣ ዋይታም የለ። ሰው ብቻ ነው። የሚጠይቀው መንገደኛ አጣ። መሄድም መመለስም አቃተው። ሦስት ቀን ሥር ፍለጋ የጨረሰ ሰው፣ ያቺን ሦስት ቀን ምን ያህል እንደ ረገማት እሱ ነው የሚያውቅ።

ያኔ ነፋሱ ዞረና ጭስ አመጣለት።

ቀበሪቾ ነበር። ለቅሶ ቤት ቀበሪቾ አይታጠንም። እሷ በሕይወት አለች።

አያ ጓንጉል ባርኔጣውን አወለቀ። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ያ የተራራ አፍንጫው አልተኛ አለና እንደገና አሸተተ። ይሄ ሥር የማን ነው? የእሱ ገደል አይደለም። የደጋ ገደል ጭራሽ አይደለም። ከረጢት ውስጥ የሰነበተ፣ ዝናብ የነካው፣ ግማሹ የቀበሪቾ ነፍስ የወጣለት የገበያ ሥር ነው።

እመት ብርቄ ደጃፉ ላይ ገል ይዘው ፍም ይገልጡ ነበር። ቀና ብለው አዩት። አይተውት አያውቁም።

«ይሄን አፍንጫ የት ነው የማውቀው?» አሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው፣ «ኑ ውጡ፤ የምራቴ አባት መጡ። የቀበሪቾው አባት መጡ» አሉ።

ሴቶቹ ወጡ። እጁን ይዘው፣ ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ እያሉ፣ «አንቱ ነዎት?»፣ «በየወሊዱ ወንዝ አሻግሮ የሚልክ አባት ዛሬ ማን አለ?»፣ «የእኔስ አባት እዚሁ ጓሮ ሆኖ አልላከልኝም» ይሉት ጀመር። እሱ ግራ ገባው። ወደ ላይኛው መደብ አሳለፉት። መንበሩ መጥቶ ዝም ብሎ እግሩን አጠበው። ገንፎ ቀረበለት፤ መሐሉ ላይ ቅቤው ይንተከተካል።

ከመጋረጃው ወዲያ የአንጓች ድምፅ መጣ። የደከመ ነው፣ ግን ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጋ ነው የተናገረችው።

«አባዬ፣ የላክኸው ደርሶኛል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ያኔ ገባው።

ሰባት ዓመት ሙሉ እሱ በስሜ አንዲት ሥር አይሻገርም ሲል፣ እሷ ሆዷ ገፍቶ ገበያ ወርዳ ገዝታ፣ አማቶቿ ፊት «አባቴ ላከልኝ» ስትል ኖራለች። እሱ የእሷን ስም ከቤቱ አወጣ፤ እሷ የእሱን ስም በቤቷ አከበረች። አይቶት በማያውቅ ሰፈር፣ እግሩ ረግጦት በማያውቅ ደጃፍ፣ ደግ አባት ሆኖ ተቀምጧል።

ገንፎውን ቆረሰ። መልሶ አስቀመጠ።

«እመት ብርቄ፣ ይሄን ገንፎ ልበላው አልችልም።»

«ጨው በዛበት?»

«እኔ ቀበሪቾ ልኬ አላውቅም» አለ። «ለመጀመሪያውም አልላክሁም፣ ለሁለተኛውም፣ ለዚህም። ሰው ልካችሁ ስትጠይቁኝ ገደሌን ነቅዬ አቃጠልሁት። ይሄ የሚጨሰው የገበያ ነው። ልጄ እኔን ብላ ነው። በእሷ አትፍረዱባት፤ በእኔ ፍረዱ።»

ሴቶቹ አቀረቀሩ። መንበሩ የውኃውን ጣሳ እንደ ያዘ ቆሞ ቀረ። እመት ብርቄ ግን ፍሙን መግለጥ አልተዉም።

«እናውቃለን» አሉ።

«ምኑን?»

«ሁሉን ነዋ። አያ ጓንጉል፣ አፍንጫ ያለው በአንቱ አገር ብቻ ነው እንዴ? የመጀመሪያውን ስትገዛ እኔ እዚያው ገበያ ጨው ስሸምት አየኋት። ቀድማኝ ቤት ገብታ 'አባቴ ላከልኝ' አለች፤ ዓይኔን ግን አላየችም። እኔም 'እንዴት ያለ አባት ነው' አልሁ። ምን ልበል? ልጅ የአባቷን ገመና በነጠላዋ ሸፍና ስትቆም፣ ጫፉን ይዤ ልግለጠው?» ገሉን ወደ ደጃፉ ገፋ አደረጉት። «ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰፈሩም ሁሉ ያመሰግንዎታል። አሁን ይብሉ፤ ገንፎ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ነው።»

አንዷ ሴት መሳቅ ጀመረች። ከዚያ ሌላዋ። መንበሩ እንኳ ሳቀ። አያ ጓንጉል ይሳቅ ያልቅስ ሳያውቀው ሁለቱንም አደረገ።

«አባዬ» አለች አንጓች ከመጋረጃው ወዲያ።

«ወዬ።»

«ና ሕፃኗን ያዝልኝ። እጄ ዝሏል።»

ተነሥቶ ገባ። ምንም ያልያዘ ሁለት እጁን ዘረጋ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እዚህ ውስጥ አንዱ፣ «ታዲያ ልጅቷ ዋሽታ የለም ወይ?» እያለ ነው። ፊቱን ሳየው አወቅሁት። ዋሽታለች፣ ወንድሜ። እሷም ለንስሐ አባቷ ትናገራለች፣ አንተ አትጨነቅላት። ግን አንተ፣ እውነት ተናጋሪው፣ በእውነትህ የስንቱን ሰው ነጠላ ገልጠሃል? እውነት ስለሆነ ብለህ፣ ከጎረቤትህ ቤት ሰምተህ ዕድር ላይ ያፈሰስኸው ስንት ነው? እመት ብርቄም እኮ እውነቱን ያውቁ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ አፋቸው ላይ ነበረ። ዋጡት።

ደግሞ እናንተ ልጆች፣ እናንተ እናቶች፣ እናንተ ወንድማማቾች። ከማን ተኳርፋችኋል? ስንት ዓመታችሁ ነው? በዚያ በማትገቡበት ቤት ስለ እናንተ ምን የሚባል ይመስላችኋል? ክፉ የሚወራባችሁ መስሏችሁ ነው የማትሄዱት። ማን ያውቃል፣ አንዲት እናት ለጎረቤቷ፣ «ልጄ በየሳምንቱ ይደውልልኛል» እያለች ይሆናል፤ አንተ ደውለህ የማታውቀው። አንዲት እህት፣ «ወንድሜ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ» እያለች ይሆናል። አንድ ባል ማኅበር ላይ ሚስቱ ለምን እንደ ቀረች ሲጠየቅ፣ «ትንሽ አሟታል» ይላል፤ እሷ ግን አኩርፋው ነው የቀረችው። እናንተ ሳታውቁ አንድ ሰው፣ በማታውቁት ደጃፍ፣ የእናንተን ስም ፍም ላይ ጣል እያደረገ መልካም ሽታ እያወጣለት ነው።

ከሰውስ አልፎ፣ እግዚአብሔርስ? ስንቱን ያውቃል ስለ እናንተ? ስንት ከረጢት ስታቃጥሉ አይቷል? ጠዋት ስትነሡ ሰው «እንዴት አደራችሁ» ብሎ በክብር ሰላም ይላችኋል። ያ ክብር የእናንተ ነው እንዴ? ተሸፍናችሁ ነው፣ ወገኖቼ። ሁላችንም ተሸፍነን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ ካላችሁ፣ ሂዱ። የምይዘው ላግኝ አትበሉ። ስም ሳስተካክል፣ ቤት ስሠራ፣ ልብስ ስገዛ፣ ደግ ቃል ሳዘጋጅ አትበሉ። ሥር ፍለጋ ገደል ለገደል ስትሉ በዚያኛው ቤት ሰው እያማጠ ነው፤ ሞትም መንገዱን ያውቀዋል። ባዶ እጃችሁን ሂዱ። ሄዳችሁም፣ «እኔ ነኝ ያቃጠልሁት» በሉ።

ስማችሁን ሸፍኖ የቆመው ሰው እጁ ዝሏል። ሂዱና ተቀበሉት።